«አይነሳም» የተባለው ኮምፒውተር

ለክቡር የኮምፒውተር ጥገናና ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ፣ «ቆይተው ይመለሱ» የሚል ወረቀት ያለበት በር

ጉዳዩ፦ ለተዋለልን ውለታ በአደባባይ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ስድስት ሳምንት ሙሉ ከወንበር ሳይነሱ መሥራት ለወገብ ክፉ እንደሆነ ስለማውቅ ከልቤ አስብልዎታለሁ። እንደ አዲሱ ዲስክ የፈጠነ፣ እንደ አሮጌው ዲስክ ደግሞ ሁሉን የሚያስታውስ ጤና ይስጥዎ። ትናንት በመልእክተኛ የላኩልኝን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በአክብሮት ተቀብዬ፣ ቆሜ አንብቤ፣ ተቀምጬ ደግሜ አንብቤ፣ መልሱን ለእርስዎ ብቻ መስጠት ስስት መስሎ ስለታየኝ በደረጃው ሥር ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ድፍረት ከሆነብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በበርዎ ሥር አሾልኬ ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ክቡርነትዎ የሚቀናዎት ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት ይሆናል ብዬ ነው።

በሰሌዳው በኩል ለሚያልፉና ለማያውቁኝ ሰዎች ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ በዚህ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ በድምፅ መጻሕፍት ክፍል አንባቢ ነኝ። ሥራችን ማየት ለማይችሉ ተማሪዎች መጻሕፍትን እያነበብን መቅዳት ነው። ሦስት ነን። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛው የተቀዳውን እያዳመጠ ስሕተት የሚለቅመው አራሚያችን ነው፤ እሱም ከተወለደ ጀምሮ የማያይ፣ ነገር ግን የወረቀት መታጠፍ ከየትኛው ጥግ እንደመጣ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው። ሦስተኛዋ እትዬ ነጠላ ሰረዝ ናቸው። ይህን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያነቡ አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳያርፉባት አልፈው ስለማያውቁ።

ባለፈው ዓመት እትዬ ነጠላ ሰረዝ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸውና ከዚያ በኋላ ድምፅ እንደማይኖራቸው ሲነግሯቸው ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቱን ወር ከልጆቹ ጋር ያወራበት፣ ወይም የተቀየመውን ሰው የልቡን ይነግርበት ነበር። እሳቸው ግን በየጠዋቱ መጥተው መዝገበ ቃላት ማንበብ ጀመሩ። «ተማሪዎቹ ሲጠይቁን የኖሩት ይሄንን ነው፤ እኔም ቃሎቼን አንድ በአንድ ልሰናበታቸው» አሉን። ከሀ ጀምረው እስከ ፐ ድረስ ሃምሳ ስምንት ሰዓት አነበቡ። ዛሬ ከእኛ ጋር ተቀምጠው የሚሉትን በትንሽ ደብተር ላይ ይጽፉልናል።

እነዚያ ሃምሳ ስምንት ሰዓታት ያሉት፣ ክቡር ሆይ፣ ክፍልዎ ከኮምፒውተራችን ፈቶ በወሰደው አሮጌ ዲስክ ውስጥ ነው። ዲስኩ ያለው በንብረት ክፍል መጋዘን «ይወገድ» በሚል ካርቶን ውስጥ ነው። የማስወገጃ ኮሚቴው የካርቶኑን ዕቃ በመዶሻ የሚሰብረው በመጪው ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ዲስክ እንዳይሰበር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተራችን ከበራ በኋላ እስኪከፈት ሻይ ጠጥተን፣ ብርጭቆውን አጥበን፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ አውርተን እንመለስ ነበር። አልተማረርንም፤ ከእሱ ጋር አርጅተናል። ክፍልዎ ግን አዘነልንና ባለሙያዎን ላከ። ባለሙያዎም ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ በትክክል ለመናገር ቁርሴ ላይ፣ አስቀምጠው «ይሄ የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። አውጥተን ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲሱን ዲስክ እንከትለታለን፤ እንደ ጥይት ነው የሚሆነው» አሉ። እኔም እንደ ማንኛዋም ፈሪ ሴት «ውስጡ ያለውስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እናቴ፣ ምንም አይጨነቁ፤ ሁሉንም እገለብጠዋለሁ» አሉኝ። እናቴ ያለኝን ሰው መጠራጠር ከበደኝ። ባለሙያዎ ገልብጠው፣ ዲስኩን ቀይረው ክዳኑን ሲገጥሙ አራሚያችን ብቻ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ «ወንድሜ፣ አራት ብሎን ወጥቶ ሁለት ነው የገባው» አለ። ባለሙያዎ ሳቁ፤ ቁልፉን ተጫኑት። ጥይቱም ከሸፈ። በጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር መጣች፤ ወደ ቋንቋችን ስትመለስ «የምነሳበት ነገር አጣሁ» ማለት ናት።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው ጥልቀት አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ ኮምፒውተሩን አሥራ አንድ ጊዜ አጥፍተው አበሩት። ጎኑን በመዳፋቸው መቱት። በመጀመሪያ «ኔትወርክ ነው» አሉ፤ ቀጥለው «ኮረንቲ ነው» አሉ፤ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞር ብለው «እናንተ የምትቀዱት ነገር ከብዶት ነው» አሉ። ሦስት በሽታ በአንድ ቀጠሮ መርምሮ ማግኘት ቀላል ሙያ አይደለም። ከዚያ ከቦርሳቸው ነጭ ወረቀት አውጥተው በትልልቁ አንድ ቃል ጻፉ፤ የክፍልዎን ክብ ማኅተም መቱበት፤ ስክሪኑ ግንባር ላይ ለጠፉት። አሮጌውን ዲስክ ኪሳቸው ከትተው ሄዱ።

ሁለተኛ ተኩል፣ የረሳሁት አለ። «ለምን ሌላ ቅጂ አላስቀመጣችሁም?» የሚል ሰው ቢኖር፣ በክፍላችን በር ላይ «ፍላሽ መሰካት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለውን የለጠፈው ማን እንደሆነ ያስታውስ። ቫይረስ ይገባል ተብለን ፍላሾቻችንን አስረክበናል። በምትኩ የሁሉም ክፍል ሥራ በየዕለቱ የሚቀመጥበት ማዕከላዊ መጠባበቂያ ክፍልዎ ቃል ገብቶልን ነበር። ስለዚህ መጠባበቂያ ባለፈው ወር ስጠይቅ «በዕቅድ ላይ ነው» ተባልኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰውዬ ቢያንስ ላሚቱ ሰማይ ላይ መሆኗን ያውቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ቋንቋ ችሎታችሁ አመሰግናለሁ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል «አይነሳም» የሚል ነው። ኮምፒውተሩ ቢጫኑት አይከፈትም ለማለት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። በማግሥቱ ግን ኮምፒውተሩን ወደ ጥገና ክፍልዎ እንዲያወጡ የተላኩት ሁለት ተሸካሚዎች መጡና ወረቀቱን አነበቡ፣ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱ፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «አይነሳም ተብሎ በማኅተም ተለጥፎ እንዴት ብለን እናነሳዋለን? ነገ እኛ ላይ ሊመጣ ነው?» አሉኝ። ላስረዳቸው ሞከርኩ። ትልቁ ተሸካሚ በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «እሱ ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ይነሳል የሚል ሌላ ወረቀት አምጪ» አለኝ። ደረጃውን ወጥቼ ወደ ክፍልዎ ስሄድ ደግሞ «ሳናየው ይነሳል ብለን አንጽፍም፤ እንድናየው ይምጣልን» ተባልኩ። ደረጃው ሠላሳ ስምንት ነው። እንዳይቸገሩ ብዬ ነው የቆጠርኩልዎ።

በሳምንቱ ዕቃ ቆጠራ ሊያደርግ የመጣው ፎቶ አንሺ ወረቀቱን አይቶ ካሜራውን ከደነ፤ «ፎቶ አይነሳም ይላል እኮ» ብሎ አለፈው። ስለዚህ ኮምፒውተራችን በዘንድሮው መዝገብ ውስጥ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ዙሪያውን ብቻ ስለምትወለውል በአቧራ የተሠራ ካባ ለብሷል። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ላቀርብ እጄን ሳወጣ ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አገላብጠው «ይሄ ጉዳይ ዛሬ አይነሳም» አሉ። በአንድ ቃል አራት ክፍል ማስቆም መቻል፣ ክቡር ሆይ፣ ለገጣሚ እንኳ አልተሰጠም።

አራተኛ የለኝም። የክፍልዎ የአቤቱታ ቅጽ ሦስት መስመር ብቻ ስላለው ከሦስት በላይ መበደል አልለመድኩም።

አምስተኛ፣ ወደ ማስጠንቀቂያዎ ልምጣ። «ያለ ፈቃድና ያለ ሙያ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር ክዳን በመክፈት» ከሰውኛል። እውነት ነው፤ ከፍቻለሁ። ብቻዬን ስላልነበርኩ ግን ክብሩን ለብቻዬ መውሰድ አልፈልግም።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት እትዬ ነጠላ ሰረዝ ከልብስ ስፌት መኪናቸው ያመጡትን ትንሽ መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አራሚያችን ወንበሩን ሳበና «እህቴ፣ አንቺ ስክሪኑን አንብቢ፤ እኔ እጄን ልላክ» አለኝ። መጀመሪያ ከኮረንቲው ነቀልነው። ሁለቱን ብሎን ፈታን። አራሚያችን ጣቶቹን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ አዲሱን ዲስክ አገኘው፤ ከዲስኩ የሚወጡትን ሁለት ገመዶች አንድ በአንድ እየተከተለ ሄደ። ኮረንቲ የሚያመጣው ገመድ ግጥም ብሏል። መረጃ የሚያመላልሰው ቀጭኑ ገመድ ጋ ሲደርስ ቆመና «ይሄ ተንጠልጥሏል እንጂ አልገባም» አለ። ገፋ ሲያደርገው ቀጭ የምትል ድምፅ ተሰማች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ ለገመድም ይሠራል።

አበራነው። ያቺው ነጭ መስመር እንደገና መጣች። አራሚያችን ግን አልተረበሸም፤ «ሲነሳ ማንን ማንን ቀድሞ እንደሚፈልግ የሚነግርሽ ገጽ አለ፤ እሱን አውጪና አንብቢልኝ» አለ። ለዓይነ ስውራን ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ አነበብኩለት። በዝርዝሩ አንደኛ ላይ የተጻፈው የአሮጌው ዲስክ ስም ነበር፤ ከስድስት ሳምንት በፊት ኪስ ውስጥ ገብቶ የሄደው። ኮምፒውተሩ በየጠዋቱ የሚፈልገው እሱን ነበር። የአዲሱ ዲስክ ስም ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ምልክት ሳይደረግበት ቀርቷል፤ ይኑር ወይም አይኑር ማንም የነገረው የለም። ምልክት አደረግንበት፣ ወደ አንደኛ አወጣነው፣ አስቀምጥ አልነው። አራሚያችን መቁጠር ጀመረ። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ የመክፈቻው ዜማ ተሰማ። ባለሙያዎ እውነታቸውን ነው፤ እንደ ጥይት ነው።

ደስታችንን ልደብቅዎ አልችልም። አራሚያችን ጠረጴዛውን ደበደበ፤ እትዬ ነጠላ ሰረዝ እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው በዓይናቸው ሳቁ። እኔም ግንባሩ ላይ የነበረውን ወረቀት ሳይቀደድ በጥንቃቄ ላጥኩት።

ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ፈለግን። አልነበረም። ድምፅ የምናስቀምጥበት «ዲ» የተባለው የዲስኩ ክፍል ጭራሽ የለም። ባለሙያዎ «ሁሉንም» ያሉኝ «ሲ» የተባለውን ብቻ ኖሯል። ወደ ክፍልዎ ወጥቼ ስጠይቃቸው ፊታቸው ላይ አንዳች ክፋት አልነበረም፤ «ሲስተሙ እኮ ያለው ሲ ላይ ነው፤ ዲ የግል ፎቶ ምናምን መስሎኝ» አሉኝ። ወርጄ ኮሪደሩ ላይ፣ ከመጽሐፍ ጋሪው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ይህንን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ በደብዳቤዎ ላይ «ንብረት ላይ ጉዳት ደርሶ እንደሆነ ይገለጽ» ስላሉ ነው። ስመለስ እትዬ ነጠላ ሰረዝ ደብተራቸውን አዙረው አሳዩኝ። በባዶው ገጽ መሐል የጻፉት አንዲት ነጠላ ሰረዝ ነበረች፤ ሌላ ምንም። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ እንዲያልቅ እየጠበቅን ነው። ንብረት ጠባቂዋ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ካርቶኑን በፍርግርጉ በኩል አሳይታኛለች። ዲስኩ ከሁለት የተሰበሩ ኪቦርዶች ሥር ነው፤ ያቺ እኔ በእስክሪብቶ የጻፍኩባት «ድምፅ ክፍል» የምትል ጽሑፍ ትታያለች። ነገር ግን ያለ እርስዎ ፊርማ አትሰጠኝም። እርስዎ የሚፈርሙት የጥገና ሪፖርት ሲያያዝ ነው። ሪፖርቱ የሚጻፈው ኮምፒውተሩ ጥገና ክፍል ሲደርስ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ አይነሳም። ይህንን ክብ የሳለው ክፍልዎ ሲሆን፣ ክቡ ውስጥ ቆመሻል ተብዬ የተከሰስኩት እኔ ነኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በማኅተም ሲጮኽ ግን የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጥፋቴን አምኜ ቅጣቴን ለመቀበል ዝግጁ መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ። ከደመወዜ ይቀነስ፣ በፋይሌ ይያያዝ፣ ክዳን እንዳልከፍት በጉባኤ ፊት ልማል። በልዋጩ የምለምነው አንድ ፊርማ ነው። የማያዩ አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች አንድ ቃል ሲቸግራቸው የሚጠይቁት ሰው ስለሌላቸው ነው፤ እትዬ ነጠላ ሰረዝ ደግሞ ልጃቸው ባለፈው ሳምንት «እማዬ፣ ስሜን የምትጠሪበት ድምፅ የትም የለም?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ ስሟ ተራ ቃል ስለሆነ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አለ ብለው ጽፈው ስለሰጧት ነው። ልጅቷ ዓርብን እየጠበቀች ነው። ተማሪዎቹም እንዲሁ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ወይም ባይሰጡኝም ስለወሰድኩብዎ፣ ባለሙያዎ ላደረጉልን ሁሉ፣ ላላደረጉልንም ሁሉ፣ ስለ ሁለቱ ብሎኖችም ጭምር፤ የት እንዳሉ እስካሁን ባናውቅም፤ ከፍ ባለ አክብሮት እያመሰገንኩ፣ በርዎ እንዲከፈትልዎ፣ ፊርማዎ እንዲፈስልዎ ከልብ የምመኝ፣

ታዛዥዎና ተከሳሽዎ፣
የምድር ቤቷ አንባቢ

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል፣
ለማስወገጃ ኮሚቴ፣
ለሁለቱ ተሸካሚዎች፣ በሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር፣
ለሚያልፍ ሁሉ።

ማሳሰቢያ፦ ከኮምፒውተሩ ላይ የላጥኩት የክፍልዎ ወረቀት ምን ሆነ ብለው እንዳይጨነቁ። ማኅተም ያለበትን ሰነድ መጣል ነውር ስለሆነ ለንብረት ጠባቂዋ አስረከብኳት። እሷም መመሪያዋን ገልጣ፣ የክፍልዎ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ በጽሑፍ እስኪሻር ድረስ የጸና መሆኑን አንብባልኝ፣ ሙጫ አመጣችና በገዛ እጇ ካርቶኑ ላይ ለጠፈችው። ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት የማስወገጃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዕቃውን ሊያዩ መጥተው፣ ወረቀቱን አንብበው፣ «አይነሳም ከተባለ አይነሳም» ብለው ካርቶኑን ከዓርብ ዝርዝር ሰርዘውታል። ወረቀቱን ሊሽር የሚችለው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ለዚያም ራስዎ ሠላሳ ስምንቱን ደረጃ ወርደው መፈረም አለብዎ። ሲመጡ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር እናገናኝና «ነ» የሚለውን ፊደል አብረን እናዳምጣለን። እትዬ ነጠላ ሰረዝ በዚያ ፊደል ሥር «ተነሳ» የሚለውን ቃል ከእነ ትርጉሙ አንብበውታል፤ ከተቀመጠበት ቆመ፣ ከእንቅልፉ ነቃ፣ ከቦታው ተወሰደ፣ ሥራ ጀመረ፣ ከሹመቱ ወረደ፣ እያሉ በየነጠላ ሰረዙ እያረፉ። ክፍልዎ እስካሁን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነበር። እስከዚያው ካርቶኑ አይነሳም። እርስዎ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ወገብዎ ከፈቀደ፣ ይነሱ።